የሚንቀሳቀስ ሥዕል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ የጊቤን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፎ፣ ጅማ ሊደርስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሰርቦ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ሰርቦ በጅማ ዞን የቀርሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ብዙ አይቆምባትም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ልቡ ጅማ ገብቷልና። በቡና ለቀማ ወራት ግን በየደጁ ተሰጥቶ የሚደርቀውን ቡና ሽታ በመስኮት ሳይቀበል የሚያልፍ የለም።

በዚህች ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለራዲዮ ዝግጅት ድምፅ ልቀዳ ሄጄ ነበር። በሦስተኛ ክፍል ስድሳ የሚያህሉ ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ የተዋሰችውን ላፕቶፕ ሁሉም እንዲያየው በጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ ከፍ አድርጋ አስቀምጣዋለች። የምታሳየውም የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ያለውን ዕድገት የሚገልጽ አጭር ፊልም ነው። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበርና ድምፁን ዘጋችው፤ እርሷም በአፋን ኦሮሞ ትተርክላቸው ጀመር። እጩ በውሃው ፊት ላይ ተጋድሞ በታየ ጊዜ ጣቷን በማቆሚያው ላይ አሳረፈች። ሥዕሉ ቆመ። «ይህን የት አይታችኋል?» ስትል ጠየቀች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ አጠገቤ የነበረው መምህር እንደ ተረጐመልኝ፣ የከብት ኮቴ ረግጦት ውሃ በቋጠረ ጭቃ ውስጥ እንዳየው ተናገረ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ፤ ሁሉም አይቶት ኖሯልና። ትንኟን የምታሳድገው ያቺ የኮቴ ውሃ እንደ ሆነች ግን ከዚያች ሰዓት በፊት የነገራቸው አልነበረም።

የዛሬው ንግግሬ ሥዕሉን ስላቆመችው ጣት ነው። ነገሩ ለሚሰማው ቀላል ይመስላል። ሆኖም አስተማሪ በክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል እንደ ፈቀደው ለማቆምና ለማስኬድ፣ በልጆቹም ቋንቋ ለመተርጐም እስኪችል ድረስ ረጅም ዘመን አልፏል፤ ብዙ ገንዘብም ወጥቷል። ከዚህም ገንዘብ የሚበዛው የወጣው ማቆሚያው በአስተማሪው እጅ ላልሆነ መሣሪያ ነበር።

በዓይን እያሳዩ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቄስ ተማሪ የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ ብሏል። በጅማና በአካባቢዋም፣ የእስልምና ትምህርት ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የተከበረ ነበርና፣ የቁርኣን ተማሪ ሎሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፈለትን እያነበነበ ይማራል፤ ያንን ሲያውቅ ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል። ገበታውም ሎሑም አንድ ታላቅ ጠባይ አላቸው፤ ይጠብቃሉ። ልጁ እስኪገባው ድረስ ፊደሉ ከቦታው አይንቀሳቀስም።

የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ግን አይጠብቅም። ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። በዚያ ስያሜ ዛሬ የምንስቅ ብንሆንም፣ ሌላው ዓለም በፊተኛው ወገን እንደ ፈራ በኋለኛው ወገን ከመጠን በላይ ተስፋ ማድረጉን ማስታወስ ይገባናል። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቶማስ ኤዲሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 በትምህርት ቤት መጻሕፍት በቅርቡ ዋጋ እንደሚያጡ፣ የሰው ልጅ ዕውቀትም ሁሉ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊሰጥ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በሰርቦም የልጆቹ የጨርቅ ቦርሳ ዛሬም መጽሐፍ ይዟል።

ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ሲስፋፋ፣ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የፖይንት ፎር ስምምነት የውጭ ባለሙያዎች ወደ አገራችን መጡ። ጅማም ከዚህ ዕድል ቀድማ ተካፋይ ሆናለች፤ በኦክላሆማ ባለሙያዎች ርዳታ የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ተከፍቷልና። በዚያ ዘመን ለማስተማሪያ የሚሆን ፊልም ማለት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ጥቅል ነበር። እርሱን ለማሳየት የፊልም ማሳያው መኪና፣ መብራት ከሌለም ጄኔሬተር፣ የሚጨልም ክፍል፣ ነጭ አቡጀዲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናውን የሚያንቀሳቅስ የሠለጠነ ሰው ያስፈልግ ነበር። አስተማሪው በራሱ ክፍል እንግዳ ሆኖ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል። «እዚህ ላይ አቁምልኝ» ቢልም ብዙውን ጊዜ አይቻልም፤ ፊልሙ ከብርቱው አምፑል ፊት ከቆመ ሙቀቱ ያሟሟዋል ወይም ያቃጥለዋል።

ስለዚያ ዘመን ፊልም በብዙ አገሮች የሚነገር አንድ ወግ አለ። እውነት ይሁን ፈጠራ አላውቅም፤ ግን የሚረባ ነገር አለበት። ለገጠር ሰዎች የወባ ትንኝ በትልቁ ጎልታ በመጋረጃ ላይ ትታያለች። ፊልሙ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ «እናንተ ምን ያህል ተቸግራችኋል! እኛስ እግዜር ይመስገን፣ ይህን የምታክል ትንኝ በአገራችን የለችም» አሉ ይባላል። ወጉን የሚያወሩት ብዙዎቹ በሽማግሌዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ፊልሙን አቁሞ «ይህ በማጉያ መነጽር የታየ ነው» ብሎ አንዲት የሞተች ትንኝ በመዳፉ ይዞ የሚያሳያቸው ሰው በመታጣቱ አዝናለሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ዝግጅት ማሰራጨት ያዘ። ሥርጭቱ በዚያን ጊዜ ከዋና ከተማዋና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበርና የሰርቦ ልጅ ከዚህ አልተካፈለም። ደግሞም ጥቂት ቀደም ብሎ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ስለ ነበር፣ ሥርጭቱ ቢደርሰውም ኖሮ በቤቱ ኦሮምኛ ሲናገር ያደገው ልጅ ሥዕሉን እያየ ቃሉን ሳይሰማ ይቀር ነበር። ከገጠሩ ልጅ ጋር በእውነት የተገናኘው ራዲዮ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች እንደ ተካሄደ ታስታውሳላችሁ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ፈቀደ፤ የትምህርት በራዲዮም ዝግጅት በየቋንቋው ተዘጋጀ። እኔ የራዲዮ ሰው ነኝና ራዲዮን ባወድስ አትፍረዱብኝ። ነገር ግን የራዲዮንም ነውር መደበቅ አይገባኝም። ትምህርቱ በሰዓቱ ይመጣል፣ በሰዓቱ ይሄዳል። በጥቅምትና በኅዳር ከእናቱ ጋር ቡና ለቀማ የወረደ ልጅ ሲመለስ ያለፈውን ትምህርት ከአየር ላይ አያገኘውም።

በዚህ ረገድ ሌሎች አገሮች ከእኛ ይልቅ በድፍረት ሞክረዋል። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው በአሜሪካን ሳሞአ ከ1964 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሙሉ ለማለት ይቻላል በቴሌቪዥን እንዲመራ ተደረገ። በስቱዲዮ የተቀመጠው መምህር ያስተምራል፤ በክፍል ያለው መምህር ደግሞ ይከተላል። ውሎ አድሮ አስተማሪዎቹ ቅር ተሰኙ፤ ቴሌቪዥኑም ከጌታነት ወደ ረዳትነት ወረደ። ኮትዲቯር ደግሞ በ1971 በቡዋኬ ከተማ ታላቅ ማዕከል አቋቁማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ መሠረተች፤ በ1982 ግን ተወችው። ለዚህ ወጪውም ምክንያት ነበረ፤ የመምህራኑና የወላጆቹ ቅሬታም ምክንያት ነበረ። ህንድ ሌላ መንገድ ያዘች። ከነሐሴ 1975 አንሥቶ ለአንድ ዓመት በሳተላይት አማካይነት ወደ 2,400 ለሚጠጉ መንደሮች ስታሰራጭ፣ ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ልጆች የሚቀርበውን አጭር ዝግጅት በአራት ቋንቋ ከፋፈለችው። ሙከራው ዓመቱ ሲያልቅ አለቀ፤ ሳተላይቱ በውሰት የመጣ ነበርና። ሆኖም የመንደሩ ልጅ በገዛ ቋንቋው እየሰማ ማየቱ ከመሣሪያው ትልቅነት የማያንስ ነገር መሆኑን ህንዶች አስቀድመው ተረድተውት እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ራሴ ትውልድ እመጣለሁ። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት በየክፍሉ በተሰቀለ ፕላዝማ መከታተል ጀመሩ። የሚያስተምሩን መምህራን ትምህርቱ በተቀረጸበት በደቡብ አፍሪካ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ከእኛ አስተማሪዎች እንግሊዝኛ የተለየ ነበር። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ የሚበዛውን፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል፣ ፕላዝማው ይወስዳል፤ ለክፍሉ አስተማሪ የሚተርፈው በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለ ፕላዝማ ክፉ ብቻ መናገር ግፍ ይሆናል። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው ቀለም ሲለውጡ ያየሁት በእርሱ ነው። የልብ ክፍሎች ደም ሲቀበሉና ሲገፉ ያየሁትም እንዲሁ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣለ ልብ አይመታም፤ የፕላዝማው ልብ ይመታ ነበር። ይህን በመላ አገሪቱ ለሚገኝ ልጅ በእኩል ለማድረስ የታሰበው አሳብም በጎ ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለ? የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ትዝ ይለኛል። በፕላዝማው ያለችው ሴት ጥያቄ ትጽፍና «ሁለት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ» ትላለች፤ ሰዓት በማዕዘኑ ይቆጥራል። እኛ ገና ጥያቄውን በደብተራችን ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ! እንግዲህ መልሱን እንመልከት» ትለናለች። ከእኛ መካከል «በጣም ጥሩ» የሠራ አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩን እርሷ በምን ታውቃለች? አስተማሪያችን ያውቅ ነበር። ፊታችንን አይቶ ያውቃል። ነገር ግን ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ የሚመጣ ስለ ሆነ ሊያስቆመው አይችልም፤ እጁን በኪሱ ከቶ ከበሩ አጠገብ ይቆም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ቆየና ሲመለስ ትምህርቱ ሌላ ምዕራፍ ገብቶ አገኘነው። ያን ቀን አስተማሪያችን ጠመኔውን አንሥቶ፣ ፕላዝማውን በጀርባው ከልሎ፣ ያመለጠንን ሁሉ አስተማረን። ከዚያ ዓመት ሒሳብ ዛሬ ድረስ የማስታውሰው የዚያን ቀን ትምህርት ነው።

የቀርሳን ወረዳ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ፕላዝማው ሊተከል አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ከ180 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጨው የጊልጌል ጊቤ አንደኛ ግድብ ሥራ ጀምሯል። የግድቡ ውሃ ከሚተኛባቸው ወረዳዎች አንዱ ቀርሳ ነው። እንግዲህ በመላ አገሪቱ ያለውን ፕላዝማ ካበራው ኃይል ከፊሉ ከዚያው ውሃ መነጨ ማለት ነው። በሐይቁ ዳር ለሚያድገው የአንደኛ ደረጃ ልጅ ግን ፕላዝማው አልደረሰውም፤ የታሰበው ለሁለተኛ ደረጃ ነበርና። በአንጻሩ፣ በግድቡ አካባቢ ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች ወደ ውሃው በቀረቡ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚያዙ ጽፈዋል። መምህርቷ ከፊልም ሁሉ መርጣ የትንኝን ፊልም ያሳየችው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ትረዱልኛላችሁ።

ለትንንሾቹ ልጆች በአገራችን ሰው እጅ፣ በአገራችን ቋንቋ የተሠራ ሥዕል ብዙ ዘግይቶ ቢመጣም መጥቷል። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኢትዘንሃውዘር ጋር በመሆን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት በ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀመረች። ፀሐይ የአሻንጉሊት ቀጭኔ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ትጠይቃለች። ዝግጅቱ በቤታቸው ውስጥ በጥቂት ገንዘብ ተጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ እንደ አውሮፓውያን በ2008 የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ዝግጅቶች ሽልማት አገኘ፤ በ2010ም ብሩክታዊት ከሮሌክስ ድርጅት ተሸለመች። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የማደንቀው ሌላ ነገር ነው። ሴትዮዋ ፊልሙን የሠራችው ክፍል ውስጥ ቆማ የልጆችን ፊት ካየች በኋላ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ጥያቄ ጠይቃ ዝም ስትል፣ ዝምታዋ ለልጅ የሚበቃ ዝምታ ነው። ዝግጅቱም ቆይቶ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተመልሷል፤ በዲስክ ተቀድቶም ቴሌቪዥን ወደማይደርስበት ስፍራ እንዲሄድ ተደርጓል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ የቆየ ነገር በአንድ ጊዜ ተፈተነ። ከ26 ሚሊዮን የማያንሱ ተማሪዎች በቤታቸው ቀሩ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ እኛም የራዲዮ ሰዎች ደክመናል። ሆኖም መሣሪያው ያለበት ቤት ልጅ ቢማር፣ የሌለበት ቤት ልጅ ከብት ጠበቀ፤ መሣሪያው ባለበትም ቤት ቢሆን አጠገቡ ሆኖ «ገባህ ወይ?» የሚለው ሰው ያጣ ልጅ ብዙ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በ2013 መጀመሪያ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ልጆቹ ከቴሌቪዥን ፊት ተነሥተው ወደ አስተማሪያቸው ፊት ተመለሱ።

ይህን አምድ ከሚያነቡት ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የግዥ መጠየቂያ የሚያልፍባችሁ ሰዎች መሆናችሁን አውቃለሁ። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተር፣ ፕሮጀክተር ይገዛ የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ በዝርዝሩ ላይ የዕቃው ብዛትና ዋጋ በሚገባ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በዚያው ዝርዝር ላይ፣ ፊልሙ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ መምህሩ ከልጆቹ በፊት ብቻውን አይቶት ጥያቄ የሚያዘጋጅበት ሰዓት ከየት እንደሚገኝ፣ ዕቃው ሲበላሽ ከሰርቦ ጅማ ድረስ ማን ተሸክሞ እንደሚወስደውና በማን ወጪ እንደሚጠገን የሚጠይቅ መስመር መኖሩን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሥራዬ ምክንያት እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን አልፎ አልፎ አይቻለሁ፤ ይህን መስመር ግን አላየሁም። የሰርቦዋ መምህርት ፊልሙን ያገኘችው በገዛ ስልኳ፣ በገዛ ገንዘቧ ከኢንተርኔት አውርዳ ነው። ሦስት ማታ ደጋግማ አይታ የት የት ላይ እንደምታቆመው በወረቀት ጽፋ ነበር። ወረቀቷን አሳየችኝ። አሥራ አንድ ቦታ ላይ ምልክት አድርጋለች፤ ፊልሙ በሙሉ ግን ከስድስት ደቂቃ አይበልጥም።

የእኩለ ቀኑ ደወል ተደውሎ ልጆቹ ወጡ። እኔም የድምፅ መቅጃዬን ሰብስቤ ልሰናበታት ስል ሦስት ወንዶች ልጆች ከበሩ ላይ ቆሙ። ጠዋቱን ቡና ለቀማ ውለው ከዚያው በቀጥታ መምጣታቸው ነበር፤ ጣታቸው በቀይ ቡና ጭማቂ ተጣብቆ ጠቁሯል። ጓደኞቻቸው በመንገድ ላይ ስለ ትንኟ ነግረዋቸዋል። መምህርቷ የላፕቶፑን ባትሪ ተመለከተች፤ ጥቂት ቀርቶታል። እጃቸውን ታጥበው እንዲመጡ ላከቻቸውና፣ ሲመለሱ በፊተኛው ወንበር አስቀምጣ ፊልሙን ከእንቁላሉ ጀመረችላቸው።